ጦስኝ የሚፈልገው ድንጋይ ነው

በበርበሬ ጉዳይ የእኛን አካባቢ ሰው ማንም አያስተምረውም። የአላባ በርበሬ ጎረቤታችን ነው፤ የማረቆውም ቢሆን ብዙም አይርቅም። ዛላው እዚሁ ይገዛል፣ እዚሁ ይቀነጠሳል፣ እዚሁ ይደለዛል፣ እዚሁ ይፈጫል። ሆሳዕናም ሁኑ ዱራሜ ወይም ሺንሺቾ፣ የበርበሬ ሰሞን ሰፈሩ በሙሉ ሲያስነጥስ ነው የሚውለው።

ቅመሙን ስትቆጥሩት ግን ነገሩ ይለወጣል። ኮረሪማው ከካፋ ወገን ይመጣል። ጥቁር አዝሙዱ ከባሌ። ጦስኙ ደግሞ ወይ ከባሌ ተራሮች ወይ ከሰሜን ሸዋ ብርድ ተነስቶ፣ አዲስ አበባ ከርሞ፣ ደርቆና ግማሹ አቧራ ሆኖ ነው እኛ ጋ የሚደርሰው። በትንሽ ፌስታል ይቋጠራል፤ ዋጋው ግን ትንሽ አይደለም።

‹‹ታዲያ ለምን እኛው አንተክለውም?›› የሚለው ጥያቄ የእኔ አይደለም፤ የወንድሜ ነው። ወንድሜ እንደ ብዙ የሆሳዕና ልጅ ደቡብ አፍሪካ ነው ያለው። ሰው ሲሄድ የምንልክለት ጥቅል ያው የታወቀው ነው፤ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ቡላ። ባለፈው ዓመት በዋትስአፕ የላከልኝ ድምፅ ግን ከምስጋናው ይልቅ ወቀሳው ይበዛ ነበር። ‹‹ስሚ፣ በርበሬው አሪፍ ነው። ጦስኙ ግን ሽታ የሚባል የለውም። ገለባ ነው እንዴ የላካችሁልኝ? እዚያው ግቢ ውስጥ ትከሉት በቃ!››

ከሩቅ ሲያዩት ሁሉም ነገር ቀላል ነው። እኔም ነገሩን መቆፈር ጀመርኩ፤ መጀመሪያ በስልኬ፣ ቀጥሎ በዶማ። የደረስኩበትን ላካፍላችሁ። በተለይ ተከራይታችሁ ለምትኖሩ፣ ከመሬት ያላችሁ አንዲት ጥግ ብቻ ለሆነች፣ ይቺ ጽሑፍ ለእናንተ ናት።

በመጀመሪያ እንተዋወቅ

የአገራችን ጦስኝ በሳይንሱ ታይመስ ሺምፐሪ ይባላል። ታይመስ ሰሩላተስ የሚባል ወንድምም አለው፤ እሱ የሚታወቀው በሰሜኑ ደጋ ነው። ሺምፐሪ የሚለው ስም የመጣው ከቪልሄልም ሺምፐር ነው። ሰውየው ጀርመናዊ የእፅዋት ሰብሳቢ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1837 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ፣ የቀረውን ዕድሜውን አብዛኛውን እዚሁ አገር ኖሮ፣ በ1878 አድዋ ላይ አረፈ። ከደጋችን ለቅሞ አድርቆ ወደ አውሮፓ የላካቸው እፅዋት ብዙ ናቸው። ጦስኛችን የሱን ስም ይዞ የቀረውም በዚህ ምክንያት ነው።

ጦስኝ ቁመት የሚባል ነገር አያሳስበውም። እንደ ቦታው ከአንድ ጣት እስከ ጉልበት ቢደርስ ነው፤ ነፋስ በሚበዛበት ተራራ ላይ ደግሞ ጭራሽ መሬት ላይ ይለጠፋል። ሥሩ አካባቢ እንጨት እንጨት ይላል። ቅርንጫፎቹ መሬት ለመሬት ይሄዱና አፈር በነኩበት ቦታ አዲስ ሥር ያወጣሉ። እንዲህ እያለ ተያይዞ ምንጣፍ ይሆናል። ቅጠሉ ከምስር ፍሬ ብዙም አይበልጥም። አበባው ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ሮዝ ነው፤ ሲያብብ ንብ አይለየውም። ዓመት ጠብቆ የሚሞት ተክልም አይደለም፤ ከተመቸው ለዓመታት ይኖራል።

ይህን የምለው ብዙ ችግኝ ጣቢያ ገብታችሁ ‹‹ጦስኝ አለ?›› ብትሉ ሌላ ነገር ሊሰጧችሁ ስለሚችል ነው። የፈረንጁ ጦስኝ፣ ታይመስ ቩልጋሪስ የሚባለው፣ ቀጥ ብሎ እንደ ትንሽ ቁጥቋጦ ይቆማል። መጥፎ ተክል አይደለም፤ ግን የእኛው አይደለም። የእኛው ተንፏቃቂ ነው። ቅጠሉን በሁለት ጣት አሸት አድርጋችሁ አሽትቱት። ያ አፍንጫ የሚከፍተው ሽታ የሚመጣው በዋናነት ታይሞልና ካርቫክሮል ከሚባሉ ሁለት ነገሮች ነው። ታይሞል አንዳንድ የአፍ መጉመጥመጫ ውስጥም ይገባል። ‹‹ይሄ ሽታ ጥርስ ሐኪም ቤት ያስታውሰኛል›› የምትሉ ካላችሁ አልተሳሳታችሁም።

ሆሳዕና ለጦስኝ ቆላ ናት?

ጦስኝ በተፈጥሮ የሚገኘው በግምት ከ2,250 እስከ 4,000 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። መንዝ፣ ጣርማበር፣ የባሌ ተራሮች ሁሉ አገሩ ናቸው። የሳነቴ አምባ 4,000 ሜትር አካባቢ ነው። እዚያ የተፈጥሮ ተመራማሪዎች እንደሚሉት በየቀኑ በጋ፣ በየሌሊቱ ክረምት ነው፤ ቀን ፀሐዩ ቆዳ ይልጣል፣ ሌሊት ውርጭ ይጋግራል። እንዲህ ባለ ቦታ አንገቱን ቀና ያደረገ ተክል በነፋስ ይመታል፣ በውርጭ ይቃጠላል። ዝቅ ብሎ የተነጠፈው ግን ድንጋዩ ቀን የዋጠውን ሙቀት ሌሊት እየተካፈለ ያድራል። ጦስኝ አጭር የሆነው ወዶ አይደለም ማለት ነው፤ ኑሮ ነው ያስተማረው።

ሆሳዕና ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 2,200 ሜትር አካባቢ ላይ ነው የተቀመጠችው። ልብ በሉ፣ ከጦስኝ አገር በር ላይ ነን። ስልካችሁ ላይ ከፍታ የሚያሳይ መተግበሪያ ካለ አሁኑኑ ከፍታችሁ እዩት፤ ሰፈር ለሰፈር እንኳን ይለያያል። ዶዮገናና አንጋጫ ያላችሁ ልጆች ከእኛ ይልቅ ለጦስኝ ትቀርባላችሁ። ዱራሜ ያላችሁ ደግሞ ሀምበሪቾን ታውቃላችሁ። 777ቱን ደረጃ ወጥቶ ጉልበቱ እየተንቀጠቀጠ አናቱ ላይ የቆመ ሰው፣ ከታች ሲነሳ ያወለቀውን ጃኬት እዚያ ሲደርስ መልሶ ይለብሳል። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ በ6 ዲግሪ ገደማ ነው የሚቀንሰው። ለጦስኝ ይሄ ልዩነት ብዙ ነገር ነው።

እንግዲህ ሁሉም ሰው የሚያስበው ‹‹ሆሳዕና ለጦስኝ ትሞቃለች›› ብሎ ነው። እኔ ያገኘሁት ግን ሌላ ነው። የከተማችን ሙቀት ጦስኝን አይገድለውም። የሚገድለው ውሃ ነው።

እንሰት የሚወደውን ጦስኝ ይጠላዋል

የእኛን አፈር ታውቁታላችሁ። ቀይ ነው፣ ሸክላማ ነው፣ በክረምት ጫማ ያወልቃል። በልግ ይዘንባል፣ ክረምት ደግሞ ጨርሶ ፀሐይ እስክትናፈቅ ድረስ ይዘንባል። እንሰታችን የሚንዠረገገው በዚህ ምክንያት ነው። ውሃውን ይይዛል፣ ፍጉን ይበላል፣ ያብጣል።

ተራራ ላይስ አይዘንብም? ይዘንባል እንጂ፤ ባሌም መንዝም ዝናብ የጠፋበት አገር አይደለም። ልዩነቱ ዝናቡ የት ይሄዳል የሚለው ላይ ነው። ጦስኝ የሚበቅልበት ቦታ ተዳፋት፣ ጠጠር፣ የአለት ስንጥቅ ነው። ውሃው ይመጣል፣ ሥሩን ያጠጣል፣ ቶሎ ወርዶ ይሄዳል። በቅጠሉና በአፈሩ መካከል ያለው አንገቱ ደረቅ ሆኖ ያድራል። እኛ ጋ ግን ውሃው ይመጣና አይሄድም። አንገቱ ውሃ ውስጥ የሰነበተ ጦስኝ ደግሞ ከመሃል ጀምሮ ይጠቁርና ይበሰብሳል።

ይህን ከወሬ ይልቅ በዓይኔ ማየት ፈለግኩ። ባለፈው ዓመት ሚያዝያ ላይ አዲስ አበባ ሄጄ ነበርና ሾላ ገበያ ገባሁ። እርጥብ ጦስኝ በእስር በእስር ተደርድሯል። አንዳንዱ እስር ሥሩ ላይ አፈር እንደያዘ ነበር (ስለዚህ ነገር ወደ በኋላ እመለሳለሁ)። ነፍስ ያላቸውን ሥሮች መርጬ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ፣ አናቱ የተቆረጠ ሃይላንድ ውስጥ ከተትኳቸው። 230 ኪሎ ሜትሩን ጭኔ ላይ አስቀምጬ መጣሁ። አጠገቤ የተቀመጡት እናት ሽታውን ሲሰሙ ‹‹ልጄ፣ ሻይ ልታፈይልን ነው?›› ብለው አሳቁን።

ግቢ ጥላ ሥር ሁለት ሳምንት አሳረፍኳቸው። ስምንት ተረፉ። ግንቦት ላይ አራቱን አጥሩ ሥር ተራው ቀይ አፈር ላይ ተከልኩ። አራቱን ደግሞ ድንጋይ ላይ። ከዚያ በየእሁዱ ከአንድ ቦታ ቆሜ በስልኬ ፎቶ ማንሳት ብቻ ሆነ ሥራዬ።

ሰኔ ላይ ቀይ አፈሩ እየመራ ነበር፤ ለምለም፣ ረጃጅም፣ የሚያምር። ጎረቤት ሁሉ ‹‹ድንጋዩን ተዪው›› ይለኛል። ሐምሌ አጋማሽ ላይ መሃላቸው መገርጣት ጀመረ። ነሐሴ ሲገባ ጠቆሩ። በዓመቱ የያሆዴ እሳት ሲለኮስ ቀይ አፈሩ ላይ አንድም አልነበረም። ድንጋይ ላይ ከተተከሉት አራቱ ሦስቱ ግን ነበሩ። አጫጭር፣ አመድማ፣ ኮስተር ያሉ። ፎቶዎቹን ደርድሬ ለወንድሜ ስልክለት ‹‹ድንጋይ ነው እንዴ የሚበላው?›› ሲል መለሰልኝ።

ተራራውን ግቢ ማምጣት

ይሄን ነገር ፈረንጆች ከመቶ ዓመት በላይ ሲሠሩበት ቆይተዋል። የአልፕስ ተራራ አበቦችን ዝቅተኛና ዝናባማ ከተማ ውስጥ ለማኖር ድንጋይ ከምረው የተራራ ጎን ይሠራሉ። ለንደን የሚገኘው የኪው እፅዋት ማዕከል የድንጋይ አትክልት ቦታውን የሠራው እ.ኤ.አ. በ1882 ነው። እነሱ ትልቅ በጀት ነበራቸው። እኔ የነበረኝ የጋሪ ኪራይ ነው። አሠራሩ ግን ያው ነው፤ እነሆ፦

ቦታ ምረጡ። ጦስኝ ቀኑን ሙሉ ባይሆን እንኳ ቢያንስ ግማሽ ቀን ቀጥተኛ ፀሐይ ይፈልጋል። ከጣሪያ ውሃ የሚንጠባጠብበት ቦታ አይሆንም። ዛፍ ሥርም አይሆንም። የእኔ አንድ ሜትር ተኩል በአንድ ሜትር የምትሆን የግቢ ጥግ ናት።

ድንጋይ ሰብስቡ። ሆሳዕና ውስጥ ድንጋይ መግዛት አያስፈልግም። ኮብልስቶን የሚጠረብበት ቦታ ሂዱ፤ ጠራቢዎቹ የሚጥሉት ስባሪ እንደ ተራራ ተከምሯል። ጠይቁ እንጂ ዝም ብላችሁ አትጫኑ። እኔን ‹‹ውሰጂልን እንጂ!›› ነው ያሉኝ። ወጪው የአህያ ጋሪው ብቻ ነበር።

ከታች አሥራ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ትልልቁን ስባሪ አንጥፉ። መሬቱን አትቆፍሩት። ሸክላ ላይ የተቆፈረ ጉድጓድ የውሃ ገንዳ ነው የሚሆነው፤ ከመሬት በላይ ከምሩ። ከላይ የምታለብሱት አፈር ድብልቅ መሆን አለበት። ሁለት እጅ ደቃቅ ሬድአሽ ወይም ሻካራ አሸዋ፣ አንድ እጅ ተራ አፈር፣ ከዚያ አንድ እፍኝ ሁለት እፍኝ የቆየ ኮምፖስት። ፍግ አታብዙ። ሰው ሲያደላ ማዳበሪያ ይጨምራል፤ ጦስኝ ግን ድህነት ይስማማዋል። አፈሩ ከጠገበ ቅጠሉ ይበዛና ሽታው ይሳሳል።

ድብልቁን ለመፈተን አንድ ጆግ ውሃ አፍስሱበት። ውሃው ኩሬ ሠርቶ ከቆመ ሬድአሽ ጨምሩ። እያያችሁት ሰርጎ ከጠፋ ደርሳችኋል።

ትልልቅ ድንጋዮቹን ሲሶ ያህላቸውን ቅበሩ። የተቀመጠ ብቻ ድንጋይ በመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ይንከባለላል። ወደ ኋላ ትንሽ ዘንበል ይበሉ፤ ያኔ ዝናቡን ወደ ውስጥ፣ ወደ ሥሩ ይመልሱታል እንጂ ፊት ለፊት አፈር አያጥቡም። በድንጋዮቹ መሃል ኪስ ኪስ ተዉ። ተክሉ የሚገባው እዚያ ነው።

የመጨረሻውን ነገር ብዙ ሰው ይረሳዋል። ከተከላችሁ በኋላ ቅጠሉን ቀስ ብላችሁ አንሱና ከሥሩ ሁለት ጣት ውፍረት ጠጠር አልብሱ። አንገቱን ከጭቃ የሚለየው ይሄ ጠጠር ነው። ዝናብ ሲመታ ጭቃ ወደ ቅጠሉ አይረጭም፤ ስትሰበስቡም ከአፈር ንጹሕ የሆነ ጦስኝ ነው የምታገኙት። ገበያ የገዛነው ጦስኝ ሻይ ሥር የሚዘቅጠውን አሸዋ የምታውቁ ታውቁታላችሁ።

አንዱን አሥር ማድረግ

ጦስኝ ዘሩ እንደ አቧራ የደቀቀ ነው። ከዘር የምትጀምሩ ከሆነ እርጥብ አሸዋ ላይ በትኑትና ተጫን ተጫን አድርጉት እንጂ አፈር አታልብሱት፤ ለመብቀል ብርሃን ይፈልጋል። ግን ቀላሉ መንገድ ቁራጭ ነው።

አበባ ያልያዘ ለስላሳ ጫፍ፣ የጣት ርዝመት፣ ቁረጡ። የታችኛውን ግማሽ ቅጠል አራግፉ። ሥሩ የተበሳሳ ሃይላንድ ውስጥ እርጥብ አሸዋ ሞልታችሁ ሰኩት፣ ጥላ ሥር አስቀምጡ። አሸዋው እርጥብ ይሁን እንጂ አይጨቅይ። ሦስትና አራት ሳምንት ቆይታችሁ ቀስ ብላችሁ ስትስቡት እምቢ ካላችሁ ሥር ይዟል ማለት ነው።

ከዚህም የሚቀል አለ። ተክሉ ራሱ መሬት ለመሬት ሲሄድ ሥር ያወጣል ብያለሁ አይደል? አንዱን ቅርንጫፍ ድንጋይ ጫኑበትና ተዉት። ወር ሁለት ወር ቆይታችሁ ከእናቱ ቆርጣችሁ ስታነሱት ሥሩ የተሟላ ልጅ ነው።

ሲሰበሰብ በመቀስ ነው። ማበብ ሊጀምር ሲል ሽታው ጠንካራ ነው። ከአንድ ተክል ከሲሶ በላይ አትውሰዱ። ቅጠል የሌለው እንጨቱ ድረስ አትውረዱ፤ ከደረቀ እንጨት አዲስ ቅጠል የማውጣት አቅሙ ደካማ ነው። ስታደርቁት ጥላ ውስጥ ይሁን። የወንድሜ ‹‹ገለባ›› ምስጢር አንዱ እዚህ ላይ ነው። ሽታው ዘይት ነው፤ ዘይቱ ፀሐይ ላይ ይተንናል። ቀይ ሽንኩርት እንደሚሰጣ ጠራራ ላይ ሲሰጣ የዋለ ጦስኝ፣ ገበያ ሲደርስ ቀለሙ እንጂ ነፍሱ የለም።

እስሩ ላይ ያለው አፈር

አሁን ወደዚያ ሾላ ገበያ ወዳየሁት እስር ልመለስ። ሥሩ ላይ አፈር ነበረ ብያችኋለሁ። አፈር ያለው ጦስኝ ተነቅሎ የመጣ ነው። በማጭድ ወይም በእጅ ጫፉ የተቆረጠ ተክል በሚቀጥለው ዝናብ መልሶ ይለመልማል። የተነቀለው ግን አለቀ። በተራራ ብርድ ያንን የሚያህል ምንጣፍ ለመሆን ስንት ዓመት እንደታገለ ማንም አይጠይቀውም።

ለቃሚዎቹን ለመውቀስ አይደለም። ተራራ ሥር ለሚኖር ቤተሰብ ጦስኝ የደብተር፣ የጨው፣ የሳሙና ገንዘብ ነው። ችግሩ ገዢው እየበዛ፣ የሚለቀመው ቦታ ግን ያው መሆኑ ነው። ከብቱም እዚያው ይረግጣል፣ እርሻውም ወደ ላይ እየወጣ ነው። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሲሰፍር ሁላችንም ፎቶውን ሼር አድርገናል። ከዚያው ደጋ የሚመጣው ቅመም ግን ማዕድ ቤታችን ውስጥ መሆኑን ያሰበ ብዙ ያለ አይመስለኝም።

ስለዚህ ግቢ ውስጥ መትከል የመዝናኛ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የሆሳዕና ሰው ለሻዩና ለሽሮው የሚሆነውን ጦስኝ ከራሱ ጥግ ቢቆርጥ ያን ያህል ከተራራው አይነቀልም። ሲሸጥም ለውጥ አለው፤ እርጥብ፣ ንጹሕ፣ አሸዋ የሌለበት ጦስኝ በከተማችን ብዙ አይገኝም። በነገራችን ላይ የሽታና የመድኃኒት እፅዋትን የሚያጠናው የወንዶ ገነት ግብርና ምርምር ማዕከል ከእኛ ያን ያህል ሩቅ አይደለም። ነገሩን በሰፊው ማሰብ የምትፈልጉ የግብርና ተማሪዎች በር ማንኳኳት ትችላላችሁ።

ጦስኝ ኪኒን አይደለም

ይሄን ሳልጽፍ ባልፍ ሕሊናዬ አይቀበለኝም። ጦስኝ ሳል ያስታግሳል፣ ሆድ ያረጋጋል፣ ግፊት ይቀንሳል ሲባል ያደግን ነን። የባህሉ ዕውቀት ባዶ አይደለም፤ ታይሞልና ካርቫክሮል ተሕዋስያንን እንደሚገድሉ በላብራቶሪ ታይቷል። በግፊት ላይም ምርምሮች አሉ፤ ግን በዋናነት በላብራቶሪ እንስሳት ላይ የተሠሩ ናቸው።

አክስቴ የደም ግፊት ታማሚ ናት። አንድ ቪዲዮ ላይ አንድ ሰው ‹‹ጦስኝ ጠዋትና ማታ የጠጣ ሰው ኪኒን አያስፈልገውም›› ሲል ሰምታ ኪኒኗን አቆመች። ለማንም አልነገረችም። ሦስት ሳምንት ቆይታ፣ ልብስ እያሰጣች እያለ ራሷን ስታ ወደቀች። ሆስፒታል ደርሳ ተርፋለች፤ እግዚአብሔር ይመስገን። የግራ እጇ ጣቶች ግን እስካሁን እንደ ድሮው በርበሬ አይቀነጥሱም።

ዛሬም ጦስኝ ሻይ ትጠጣለች። ከኪኒኑ ጋር፣ ሐኪሟ አውቆ። ቅጠሉንም ከእኔ ድንጋይ ላይ ነው የምትቆርጠው። ወላጆቻችሁ ስልክ ላይ የሚያዩትን ቪዲዮ አብራችኋቸው እዩ። ‹‹ኪኒኑን ተዪው›› የሚል ነገር ከሰማችሁ ድምፃችሁን ከፍ አድርጉ። ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም መድኃኒት የምትወስድ ሴትም ጦስኝን እንደ መድኃኒት አብዝታ ከመጠጣቷ በፊት ሐኪም ትጠይቅ። ሽሮ ላይ ጣል የሚደረገው ሌላ ነው፤ በጀበና ተፈልቶ በብዛት የሚጠጣው ሌላ ነው።

ሊሾ

የኔዋ የድንጋይ ጥግ አሁን ሁለተኛ ክረምቷን እየተቀበለች ነው። ሦስቱ ተክሎች ተያይዘው አንድ ሆነዋል፤ የትኛው የት እንደሚጀምር መለየት አልችልም። ግንቦት ላይ አበቡ። ጎረቤት ያለች ሕፃን ‹‹ድንጋዩ ፀጉር አወጣ›› ብላ ስም አውጥታለታለች።

ግን ግቢው የእኔ አይደለም። ተከራይ ነኝ። ባለፈው ወር አከራያችን ጋሼ መጡና ‹‹ልጄ፣ መስከረም ሲጠባ ግቢውን ሊሾ ላስደርገው ነው። ይሄ ጭቃ ሰለቸን›› አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ጭቃው ያስመርራል። ‹‹ጋሼ፣ ይቺን ጥግ ብቻ ይተዉልኝ?›› አልኳቸው። ድንጋዩን ትክ ብለው አዩትና ‹‹ይሄ ፍርስራሽ አይደል እንዴ? እኔ እኮ ላስጠርገው ነበር!›› አሉ። ባለቤታቸው እትዬ ከጓሮ ብቅ ብለው ‹‹እኔ ከየት መጣ ብለው ነው ሻዩን በየማታው የሚያጣጥሙት?›› ሲሏቸው ዝም አሉ። ‹‹እናያለን›› ነው የመጨረሻ ቃላቸው። ‹‹እናያለን›› ደግሞ እሺ ማለትም እምቢ ማለትም እንዳልሆነ ተከራይ የሆነ ሁሉ ያውቀዋል።

የተንፏቃቂ ተክል ጥሩ ነገሩ ግን ምን መሰላችሁ? አንድ ቦታ ላይ ሁሉንም አያስቀምጥም። እትዬም ቢረቱ ጋሼም ቢረቱ፣ እኔ ከጠርዙ ሥር የያዙትን እየቆረጥኩ ሃይላንድ ውስጥ መትከል ጀምሬያለሁ። እስከ ዛሬ አሥራ አራት ሆነዋል። ሁለቱ ጎፈር ሜዳ ጓደኛዬ ጋ፣ አንዱ አክስቴ ደጅ፣ አራቱ ደግሞ ዶዮገና የምታስተምር የቀድሞ የክፍል ጓደኛዬ ጋ ሄደዋል። እሷ ከእኔ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ናት፤ ብርዱም ተዳፋቱም አላት። የሷ ከእኔው ይበልጣል ብዬ እገምታለሁ፤ እየቀናሁም ነው የምነግራችሁ።

ለወንድሜ ደግሞ ባለፈው ሳምንት ሰው ሲሄድ ጥላ ውስጥ የደረቀ አንድ ብልቃጥ ጦስኝ ልከንለታል። ክዳኑን በስኮች አስሬዋለሁ። መልሱን እየጠበቅኩ ነው።

ሰባት ሃይላንድ ይቀራል። እንደ ልማዳችን የሰው አገር ሽታ እየገዛን በርበሬያችን ላይ ከመነስነስ፣ ከኮብልስቶን ጠራቢዎቹ አንድ ጋሪ ስባሪ ለምናችሁ ጥጋችሁን ከአሁኑ አዘጋጁ። ክረምቱ አልፎ ፀሐይ ስትወጣ መትከል ነው። ችግኝ ያለው ሰው አጠገባችሁ ካለ ጫፉን ስጡኝ በሉት እንጂ ሥሩን አትንቀሉበት። ጦስኝ ሲሰጡት ነው የሚበዛው።